የጾሙ ጭልፋ

ስርጉት ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ቤቷ ኮኪት በምትባል የቆላ ከተማ ውስጥ፣ የሰሊጥ መኪኖች ከሚቆሙበት ሜዳ ጀርባ ነው። አባቷ ሰሊጥና ማሽላ ያርሳሉ። እናቷ ወይዘሮ አየሁሽ ትንሽ ሱቅ አላቸው። ስርጉት ስድስተኛ ክፍል ትማራለች፤ እሑድ እሑድ ደግሞ በሰንበት ትምህርት ቤት ከመዘምራን ጋር ትዘምራለች።

ድምፅ አላት፣ ልጆች። ድምፅ ስላችሁ ጩኸት ማለቴ አይደለም፤ እሱማ እናንተም አላችሁ። ስርጉት ውኃ ስትቀዳ ትዘምራለች። ፍየል ስትመልስ ትዘምራለች። እናቷ፣ «አንች ልጅ፣ በእንቅልፍሽም አላረፍሽ» ይሏታል። ፍየሎቹ ዜማውን ከመልመዳቸው የተነሣ፣ እሷ ዝም ስትል ቆመው ያይዋታል ይባላል። ይህን ያወሩት ሰዎች ትንሽ የጨመሩ ይመስለኛል፤ ግን ፍየል አይናገርም፣ ማን ይመሰክራል?

በዚያ ዓመት ስርጉት አንድ ነገር አጥብቃ ትፈልግ ነበር። የሆሣዕና ዕለት የመዝሙር መሪ መሆን። መሪዋ ነጭ ለብሳ፣ ዘንባባ ይዛ ከሁሉ ፊት ትቆማለች። መጀመሪያ እሷ ትላለች፤ ከዚያ ሌሎቹ ይቀበላሉ። መምህራቸው ዲያቆን ደረበ፣ «ሐሙስ በምሳ ዕረፍት፣ አንድ በአንድ ሰምቼ መሪዋን እመርጣለሁ» ብለው ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ከትምህርት ቤቱ አጥር ቀጥሎ ስለሆነ ልጆቹ ሮጥ ብለው ይደርሳሉ።

ለመመረጥ ተስፋ ያላቸው ሁለት ነበሩ፣ ስርጉትና መቅዲ። መቅዲ ጓደኛዋ ናት። ድምፅዋም ጥሩ ነው። ስርጉት ግን በልቧ፣ «እኔ እበልጣታለሁ» ትል ነበር። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ትበልጣት ነበር።

ነገር ግን በዚያው ሳምንት የወጥ ቤት ተራዋ ደረሰ።

በትምህርት ቤቱ ለተማሪዎች ምሳ ይቀርባል። ልጆቹ ከእርሻ ሰፈሮች በማለዳ ተነሥተው ነው የሚመጡት። አንዳንዱ ቁርስ ሳይቀምስ ይደርሳል። ወጥ ቤቱ ከኒም ዛፍ አጠገብ ያለ የቆርቆሮ ቤት ነው። በመጋቢት ፀሐይ የቆርቆሮ ቤት ውስጡ ምን እንደሚሆን ለእናንተ አላስረዳም፤ የበረሃ ልጆች ናችሁ። ውስጡ ትላልቅ ድስቶችና የማሽላ እንጀራ የተከመረባቸው ሰፌዶች አሉ። ጥግ ላይ ደግሞ የሰሊጥ ጆንያ ተደግፎ ቆሟል። ሰሊጡ ከወላጆች የመጣ ነው። አጨዳ ሲያልቅ እያንዳንዱ ቤት ለልጆቹ ምሳ ብሎ አንድ አንድ ጣሳ ይሰጣል፤ የዚያ ትምህርት ቤት ልማድ ነው።

ምሳውን የሚሠሩት እትዬ ሀብትነሽ ናቸው። የስድስተኛ ክፍል ልጆች ደግሞ ሁለት ሁለት እየሆኑ በየሳምንቱ ያግዟቸዋል። ወንዶቹም ጭምር። በዚያ ሳምንት ተረኞቹ ስርጉትና ሩፊዳ ነበሩ።

ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። እዚህ ላይ በደንብ ስሙኝ፣ ታሪኩ ያለው እዚህ ላይ ነው። እትዬ ሀብትነሽ በየቀኑ ሁለት ነገር ያበስላሉ። በትልቁ ድስት የጾም ወጥ፣ በትንሹ ድስት ደግሞ የወተት ገንፎ። ገንፎው ሰባት ዓመት ላልሞላቸው ነው፤ እነሱ ገና አይጾሙም። ሁለት ድስት ስላለ ሁለት ጭልፋ አለ። ሁለቱ ጭልፋዎች እንደ መንታ አንድ ዓይነት ናቸው። የሚለዩት በሚሰቀሉበት ቦታ ብቻ ነው። በቀኝ በኩል የጾሙ፣ በግራ በኩል የፍስኩ ይሰቀላል።

ሰኞ ጧት እትዬ ሀብትነሽ ሁለቱን ልጆች ግድግዳው ሥር አቆሟቸው።

«ቀኝ የጾም፣ ግራ የፍስክ። ሽንኩርት ቢያርርባችሁ እስቃለሁ። ሰሃን ብትሰብሩ እቆጣለሁ። ጭልፋ ብታምታቱ ግን አልቅሼ አላባራም። ሰምታችኋል?»

«ሰምተናል» አሉ ሁለቱም።

ሩፊዳ ሙስሊም ናት፤ የእኛን ጾም አትጾምም። የጭልፋውን ሕግ ግን ከማንም በላይ ትጠብቅ ነበር። «የሰው ጾም አደራ ነው» ብለው ያስተማሯት እናቷ መጂዳ ናቸው። ሩፊዳ ወጥ ቤቱን ትወደዋለች። ወጡ ሲንተከተክ ጆሮዋን አዘንብላ፣ «ስሚ፣ እያወራ ነው» ትላለች። ሰሃን ስታጥብ ፊቷን በሰሃኑ አይታ ትስቃለች።

ስርጉት ግን አንዱንም አልወደደችውም። ጭሱ ዓይኗን ያቃጥላታል። ፀጉሯ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። «ድምፄ በጭስ ሊዘጋ ነው» እያለች በየመሀሉ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች። ሽንኩርቱን ስትከትፍ አንዱን ትልቅ፣ አንዱን ትንሽ አድርጋ፣ እንዲያው እንዲያልቅላት ብቻ ነው።

እትዬ ሀብትነሽ አዩዋት።

«ምነው ፊትሽን እንደ ሎሚ ጨመቅሽው?»

«እኔ የምወደው መዝሙር ነው፣ እትዬ።»

«ታዲያ ማን ከለከለሽ? እዚህ ዘምሪ።»

«እዚህ? ለድስት?»

እትዬ ሀብትነሽ ሳቁ። ስርጉት ግን ተናደደች። ለድስት ዘምሪ መባል ስድብ መሰላት። ማክሰኞም ተኮሳትራ ሠራች። ረቡዕም እንዲሁ። እናንተም አንዳንድ ጊዜ እናታችሁ ሲልኳችሁ እንደዚህ ናችሁ፤ እግራችሁ ይሄዳል፣ ፊታችሁ እቤት ይቀራል።

ሐሙስ ደረሰ።

የዚያን ቀን ወጡ የወይካ ነበር። ወይካ፣ ማለት ባሚያ፣ ደርቆ ከተወቀጠ በኋላ ድስት ሲገባ ይወፍራል፤ ካላማሰሉት ሥሩን ይይዛል። ስርጉት ከጧት ጀምራ ሥራውን በጥድፊያ ያዘችው። ለዲያቆን ደረበ፣ «ምሳ አድዬ እመጣለሁ» ብላቸው ነበር። እሳቸውም፣ «ሳንጨርስ ድረሽ» ብለዋት ነበር። ስለዚህ አድላ ለመሮጥ አስባለች። ነጠላዋን እንኳ አጣጥፋ በር ላይ አስቀምጣዋለች።

የምሳ ዕረፍት ሆኖ ምሳው ሊታደል ሲል የውኃው ጋሪ መጣ። እትዬ ሀብትነሽ ውኃውን ለማስገልበጥ ወጡ።

«ስርጉት፣ ወጡን አማስይልኝ። ደግሞ ቀስ ብለሽ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ሲባል ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ እትዬ።»

መስማትስ ሰምታ ነበር። ሩፊዳ ውጭ፣ ኒሙ ሥር ሰሃን ታጥባለች። ስርጉት ብቻዋን ቀረች። በዚያች ቅጽበት ከአጥሩ ማዶ ዜማ ተሰማ። መቅዲ ናት። የሆሣዕናውን መዝሙር ጀምራለች።

ስርጉት አንገቷን ወደ አጥሩ አሰገገች። «ጀመሩ፣ ያለ እኔ ጀመሩ» አለች። ጆሮዋ አጥሩ ማዶ ሆኖ፣ እጇ ግድግዳው ላይ ዳሰሰ፤ ያገኘችውን ጭልፋ ይዛ ትልቁን ድስት ከሥሩ ገልበጥ ገልበጥ አደረገችው።

ከዚያ ዝቅ ብላ አየች። በጠቆረው ወጥ ላይ ነጭ መስመር ይዞራል። አንድ ጊዜ ዞረ፣ ሁለተኛ ዞረና ጠፋ።

ጭልፋውን ብድግ አድርጋ አየችው። ከእጀታው ሥር ገንፎ ተጣብቆበታል። ወደ ግድግዳው ዞረች። በቀኝ በኩል የጾሙ ጭልፋ ንጹሕ እንደሆነ ተሰቅሏል።

ልጆች፣ እስካሁን የሆነው ስሕተት ነው። ስሕተት ማንም ይሳሳታል። ኀጢአቱ ከዚህ ቀጥሎ ነው የሚመጣው።

ስርጉት ግራ ቀኝ አየች። ማንም የለም። ጭልፋውን በፍጥነት አጠበችና በግራ በኩል ሰቀለችው። በልቧም፣ «ጠብታ ናት። በዚያ ሁሉ ወጥ ውስጥ ጠብታ ወተት ምን ታደርጋለች? ደግሞስ ማን አየ?» አለች። ሰው «ማን አየኝ» ብሎ ከጠየቀ አንድ ያየ እንዳለ አውቋል ማለት ነው። ካላወቀማ ለምን ይጠይቃል?

«ብናገር ወጡ ለጾመኞች አይሆንም። ሌላ እስኪሠራ ምርጫው ያልፋል። መቅዲ መሪ ትሆናለች።» ይህን አሰበችና አፏን ዘጋች።

የማደያው ደወል ተደወለ። ልጆቹ ሰሃናቸውን ይዘው ተሰለፉ። ስርጉት አሁን የጾሙን ጭልፋ ከቀኝ በኩል አወረደች፣ ምን ዋጋ አለው እንጂ። ከሰልፉ መጀመሪያ የቆመው አንዱአምላክ ነበር።

አንዱአምላክ በጥር ወር ሰባት ዓመት ሞላው። ትንሽ ነው፣ ሰሃኑ ከደረቱ ይሰፋል። ዘንድሮ የመጀመሪያ ጾሙ ነው፤ በዚህም ከመኩራቱ የተነሣ ለሚያውቀውም ለማያውቀውም ይናገራል። «እኔ እኮ ጾመኛ ነኝ» ይላል። ታናሽ እኅቱ ገንፎ ስትቀበል ምራቁን ውጦ ፊቱን ያዞራል። በሰልፉ አንደኛ የሆነው ስለራበው ነው፤ ግን ይህን አይናገርም።

ስርጉት እንጀራ አደረገችለት፣ ወጥ ጨለፈችለት። አንዱአምላክ ሰሃኑን አየ፣ ቀና ብሎ እሷን አየ።

«እትዬ ስርጉት፣ ጾም ነው አይደል?»

«አዎ» አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ጉሮሮዋን ጫራት።

«ወተት የለበትም?»

«ብላ እንጂ፣ ሰልፉን አትያዝ።»

«ቆይ ልጸልይ።»

ሰሃኑን መሬት አስቀምጦ፣ አማትቦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አባታችን ሆይን ጀመረ። ከኋላው ያሉት ልጆች አጉረመረሙ። እሱ አልሰማቸውም። ጥሩ አድርጎ ሄደ፣ ሄደና ስለ ፈተና የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ ጠፋበት። ከመጀመሪያው ጀመረ። አሁንም እዚያው ቦታ ላይ ጠፋበት። አንድ ዓይኑን ከፈተና ስርጉትን አያት።

«ቀጥሎ ምንድን ነው?» አለ በሹክሹክታ።

ስርጉት ጸሎቱን ከአራት ዓመቷ ጀምራ ታውቀዋለች። ልትነግረው ስትል ዓይኗ ሰሃኑ ላይ አረፈ። ይህ ልጅ አምኗታል። ገንፎውን ትቶ፣ ረኃቡን ችሎ፣ እሷ ፊት ቆሟል። እሷ ደግሞ ጾሙን ልታስገድፈው ነው። እንባዋ መጣ፤ የጭስ እንባ አልነበረም።

ጎንበስ ብላ ሰሃኑን ከመሬት አነሣችው።

«አትብላ አንዱአምላክ» አለች። «ጾም አይደለም። ዋሽቼሃለሁ።»

 እትዬ ሀብትነሽ እጃቸው እንደረጠበ ከደጅ ገቡ።

«ምን ሁነሻል ልጀ?»

«ጭልፋው ተምታታብኝ፣ እትዬ። የገንፎውን ጭልፋ ወጡ ውስጥ ከተትኩት። ቸኩዬ ነው። ግን አይቼ ዝም አልኩ። ዝም ብዬ ላድል ነበር።»

«የበላ አለ?»

«የለም። አንዱአምላክ እንኳ ገና አልቀመሰም።»

«ተመስገን» አሉ እትዬ ሀብትነሽና ጆንያው ላይ ቁጭ አሉ። አልጮኹም። እንዳሉትም አላለቀሱም። ግን ፊታቸው ጠቆረ፤ ለስርጉት ከጩኸት ይልቅ ይህ ከበዳት። ከሰልፉ አንዱ፣ «ታዲያ ዛሬ ምን ልንበላ ነው?» አለ። ሌላው፣ «እኔ ጧትም አልበላሁም» አለ። ስርጉት ይህን ስትሰማ መሬቱ ቢውጣት ወደደች።

እትዬ ሀብትነሽ ብድግ አሉ።

«ወጡ አይደፋም። ምግብ ነው። የማይጾሙት ይበሉታል፣ ሩፊዳና ጓደኞቿ፣ ትንንሾቹም ከገንፎው ጋር። ለጾመኞቹ የሰሊጥ ፍትፍት እናደርጋለን። እንጀራው አለ። ሰሊጡ ግን ገና አልተቆላም፣ አልተወቀጠም።» ከዚያ ወደ ስርጉት ዞሩ። «አንች እውነቱን ተናግረሻል፤ ከእንግዲህ አልይዝሽም። አሁን በሩጫ ከሄድሽ ምርጫው ላይ ትደርሻለሽ። እኔና ሩፊዳ የቻልነውን እናደርጋለን።»

አያችሁ፣ በሩ ተከፍቶላታል። ነጠላዋ ተጣጥፎ በር ላይ ነው። አጥሩ ማዶ መቅዲ ዘምራ ጨርሳለች፤ ሌላ ልጅ ጀምራለች። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ቶሎ አትመልሱ፤ ቶሎ የሚመልስ ሰው ነገሩን አላሰበበትም።

ስርጉት ነጠላዋን አየች። ሰልፉን አየች። አንዱአምላክ ታጥቦ የተመለሰለትን ባዶ ሰሃኑን በሸሚዙ ጫፍ እየጠረገ ነው።

«እትዬ፣ ብረት ምጣዱ የት ነው?» አለች።

እትዬ ሀብትነሽ ምጣዱን አውርደው እሳቱ ላይ ጣዱት። ስርጉት ከጆንያው ሰሊጥ ዘገነች፣ አበጠረች፣ ጣደች። ሰሊጡ ሲሞቅ ጠሽ ጠሽ እያለ መዝለል ጀመረ። ሽታው ወጥ ቤቱን ሞላው፣ ከዚያም ወጥቶ ሰልፉን ደረሰበት። ያጉረመርሙ የነበሩት ልጆች አፍንጫቸውን ቀና አደረጉ።

ከዚያ ሙቀጫው መጣ። ስርጉት ዘነዘናውን አንሥታ ወቀጠች። መጀመሪያ ከበዳት። ከፍ ሲል፣ ዝቅ ሲል፣ ከፍ ሲል፣ ዝቅ ሲል እጇ ስልቱን ያዘው። እጇ ስልት ሲይዝ ደግሞ አፏ መች አርፎ ያውቃል? ሳታስበው የሆሣዕናውን መዝሙር ማንጎራጎር ጀመረች። ሩፊዳ ሁለተኛውን ሙቀጫ ይዛ ከፊቷ ተቀመጠች። መዝሙሩን አታውቀውም፤ ምቱን ግን ወዲያው አገኘችው። ስርጉት ስታነሣ ሩፊዳ ትጥላለች፣ ሩፊዳ ስታነሣ ስርጉት ትጥላለች።

ሰልፉ ላይ ያሉት ልጆች መቀበል ጀመሩ። መጀመሪያ አንዱአምላክ፣ ቀጥሎ ጎረቤቱ፣ ቀጥሎ ሁሉም። አንዱ ትልቅ ልጅ ወጥቶ፣ «እኔ ልውቀጥ» አለ። ሌላው ከጥበቃው ቤት ሦስተኛ ሙቀጫ ተበድሮ ተሸክሞ መጣ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ኮኪት ላይ ለሰሊጥም ይሠራል።

ስርጉት እጇ እየተላጠ ነበር። ላቧ በግንባሯ ይወርዳል። ፀጉሯ ጭስ ጭስ ይላል። ነገር ግን አንድ ነገር አስተዋለች፤ ደስ ብሏታል። ከፊት ቆማ ሳትዘምር፣ ነጭ ሳትለብስ፣ ማንም ሳይመርጣት ደስ ብሏታል። የምትወቅጠው ሰሊጥ አሁኑኑ በእነዚህ ልጆች አፍ ውስጥ እንደሚገባ ታያለች። «ለካ ለድስት አልነበረም የምዘምረው» አለች በልቧ።

በዚህ መሀል ዲያቆን ደረበ በአጥሩ በር በኩል ፊታቸውን አኮሳትረው ገቡ።

«በዐቢይ ጾም ከበሮ የሚመታ ማን ነው?» አሉ።

በጾም ከበሮ እንደሚያርፍ ታውቃላችሁ። ልጆቹ ደንግጠው መዝሙሩን አቋረጡ። ሩፊዳ ዘነዘናዋን ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው።

«ከበሮ አይደለም ጋሼ። ሙቀጫ ነው።»

ዲያቆን ደረበ ሦስቱን ሙቀጫ አዩ። ሰልፉን አዩ። ሳቃቸውን ለመያዝ ሞከሩ፤ አልቻሉም።

«ሙቀጫማ ማን ከለከለ፣ ሙቀጫ በጾምም ይሠራል» አሉ። ከዚያ ስርጉትን ሲያዩ ሳቃቸው በረደ። «ስርጉት፣ ጠብቄሽ ነበር። ምርጫው አለቀ። መሪዋ መቅዲ ናት።»

ስርጉት ከፋት። አልዋሻችሁም፣ ከፋት። እውነት የተናገረ ሰው ወዲያው የፈለገውን ሁሉ ያገኛል ብዬ አላስተምራችሁም፤ እንዲያ የሚሆነው ጥቂት ጊዜ ነው። አንገቷን ደፍታ፣ «እሺ ጋሼ» አለች፤ የሆነውንም ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ዲያቆን ደረበ አዳመጡና ራሷን ዳበስ አደረጉ። መዘምራኑ ሁሉ ከኋላቸው ገብተው ነበር። መቅዲ ወደ ሙቀጫው መጣች።

«እጅሽ ተልጧል እኮ» አለች። «አምጭ፣ ልተካሽ። አንች ግን መዝሙሩን አታቋርጭ።»

ሰሊጡ ደቀቀ። እትዬ ሀብትነሽ በውኃ በጠበጡት፣ ጨው ጣል አደረጉበት፣ እንጀራውን ፈተፈቱበት። ማደሉ የስርጉት ሥራ ነው። የጾሙን ጭልፋ አጥባ፣ በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። አንዱአምላክ አሁንም አንደኛ ነው፤ ቦታውን ለማንም አልለቀቀም።

«እትዬ ስርጉት፣ ጾም ነው አይደል?»

«ጾም ነው» አለች። በዚህ ጊዜ ጉሮሮዋን አልጫራትም።

አንዱአምላክ አማተበና ጸሎቱን ጀመረ። እዚያው ቦታ ላይ ሲደርስ ጠፋበት፤ ስርጉት ጎንበስ ብላ የቀረውን በጆሮው ነገረችው። ከዚያ በላ። አንድ ጉርሻ ዋጠ፣ ሁለተኛ ዋጠ። ከንፈሩ በሰሊጥ ተለብጦ ቀና አለ።

«እትዬ ስርጉት፣ ነገም ተሳሳችልን።»

ወጥ ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። እትዬ ሀብትነሽ ዓይናቸውን በመቀነታቸው ጫፍ ጠረጉ። ጭልፋ ብታምታቱ አለቅሳለሁ ያሉት ሴት ከሳቅ የተነሣ አለቀሱ።

ሳምንቱ አለቀ፣ ተራው ለሌሎች ደረሰ። ሰኞ ጧት እትዬ ሀብትነሽ ወጥ ቤቱን ሲከፍቱ ስርጉት በሩ ላይ ቆማለች።

«ተራሽ አልፏል እኮ ልጀ።»

«አውቃለሁ እትዬ። ሽንኩርቱን ልክተፍልዎት ብዬ ነው።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከትምህርት በፊት ብቅ ትላለች። እየዘመረች ትከትፋለች። ሽንኩርቱም አሁን ልኩ አንድ ሆኗል፤ እትዬ ሀብትነሽ ለሁሉም ያሳያሉ።

ሆሣዕና ደረሰ። መቅዲ ከፊት ቆማ መራች፣ አማረባትም። ስርጉት በመካከለኛው ረድፍ ሆና ተቀበለች። ድምፅዋ ከዚያም ሆኖ ይሰማ ነበር። ያቺ ቅናቷ የት እንደሄደች እሷም አላወቀችም።

በማግስቱ ስርጉት ወጥ ቤት ስትገባ አንዱአምላክ ቀድሟት ገብቷል። በርጩማ ላይ ቆሞ፣ ምላሱን አውጥቶ፣ ግድግዳው ላይ አንድ ነገር ያስራል። የሆሣዕና ዕለት ጣቱ ላይ ያደረገው የዘንባባ ቀለበት ነው። ፈትቶ በጾሙ ጭልፋ እጀታ ላይ ጠመጠመው።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለችው።

«ምልክት ነው። እንዳይምታታብሽ።»

«ነገም ተሳሳችልን ብለኸኝ አልነበረም ወይ?»

አንዱአምላክ ከበርጩማው ወረደና በቁም ነገር አያት።

«ሰሊጡን ሳትሳሳችም መሥራት ትችያለሽ» አላት።

በዚያ ቀን ምሳው ምን እንደነበር ልነግራችሁ አያስፈልግም፤ ሙቀጫው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ድረስ ይሰማ ነበር።

ልጆች፣ ስትሳሳቱ ሳትደብቁ ቶሎ ተናገሩ፤ የተሰጣችሁንም ሥራ ሳትንቁ ለሌላው ብላችሁ በሙሉ ልብ ሥሩ፣ ደስታውን እዚያው ሥራው ውስጥ ታገኙታላችሁ።